አራት እጥፍ ጥጥ

የሀገራችን ታሪክ ሲጻፍ ፀሐይ ስትወጣ ይጀምርና ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል። ዘመቻው በቀን ነው፤ ዘውዱ የሚደፋው በቀን ነው፤ አዋጁም የሚታወጀው በቀን ነው። ነጋሪቱ ዝም ካለ፣ ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ ያ ሁሉ ሰው ሌሊቱን ምን ለብሶ እንዳነጋ የሚነግረን ጸሐፊ ጥቂት ነው። እኔ ብርድ የማልችል ሰው ነኝና ታሪክ ሳነብ ዓይኔ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ቀኑን በባንክ መስኮት ኋላ በክራባት ታንቄ እውላለሁ፤ ሰው የምሆነው ማታ ጋቢዬን ስደርብ ነው።

ከጥንቱ የብርድ ምስክሮች ሁሉ የሚያስደንቀኝ በአዱሊስ ወደብ ይገኝ የነበረው የድንጋይ ዙፋን ነው። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ካሌብ ዘመን፣ ወደዚያ መጥቶ በዙፋኑ ላይ የተቀረጸውን የግሪክ ጽሑፍ ገልብጦልናል። ስሙ ያልተረፈልን አንድ የአክሱም ንጉሥ በዚያ ጽሑፍ ድሎቹን ይዘረዝራል። ወንዝ ተሻግሮ ስሜን ተራሮች ላይ መዝመቱን ይናገርና ውርጭና በረዶ የማይለየው፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት አገር መሆኑን ይመሰክራል። ጠላቶቹን ከማሸነፉ ይልቅ ብርዱን መቋቋሙ የበለጠ ያኮራው ይመስለኛል። ኮስማስ በበኩሉ የአክሱም ንጉሥ የፈረደባቸውን ሰዎች የሚያግዘው ወደዚያው ወደ ስሜን እንደ ነበር ጨምሮ ጽፏል። ብርድ ራሱ እስር ቤት ነበር ማለት ነው።

ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ተጻፈ የሚታመነው «ፔሪፕለስ» የተባለ የመርከበኞች መጽሐፍ ወደ አዱሊስ የሚገባውን ሸቀጥ ይቆጥራል። ከግብፅ የመጣ ጨርቅ፣ ከሕንድ የመጣ የጥጥ ሸማ አለበት። ለንጉሡ ተለይተው ከሚቀርቡት ዕቃዎች መካከል ደግሞ ጌጥ የሌላቸው፣ ዋጋቸውም እምብዛም ያልሆነ ወፍራም ካባዎች ይገኛሉ። አዱሊስ የሚያቃጥል ቆላ ነው፤ ወፍራም ካባ እዚያ ምን ይሠራል? መልሱ ያለው ደጋው ላይ ነው። ወርቅና ብሩ ለግብር አዳራሽ ይሆናል፤ ያ ተራ ካባ ግን ምሽት ሲመጣ የሚፈለግ ዕቃ ነው። ጥጡም ቢሆን የባሕር ማዶ ነገር ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ኖባን በወጋበት ጊዜ ሠራዊቱ ካጠፋቸው ሀብቶች መካከል የጥጥ ክምችት መኖሩን በድንጋይ አስቀርጿል። ጥጥ ተጽፎ የሚያስፎክር ሀብት ነበር።

ድኻው ግን ለብዙ ዘመን በቆዳ ኖሯል። ቁርበት አንጥፎ፣ አጎዛ ደርቦ፣ ለምድ ለብሶ፣ ከከብቱ ጋር በአንድ ጣራ ሥር። ጋጣው ቤት ውስጥ የሆነው ሌባና ጅብ ስለሚፈራ ብቻ አይደለም፤ የላም ትንፋሽም ቤት ያሞቃል። የእኛን ሥነ ጽሑፍ የምንወድ ሰዎች ከሁሉም በላይ ልናስበው የሚገባው ልብስ ደበሎ ነው፤ የቆሎ ተማሪው የበግ ሌጦ። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስ ስንል ትዝ የሚለን ቅኔው ነው። ተማሪው ቀን በአኩፋዳው ቁራሽ ለምኖ፣ ሌሊት በጠባብ ጎጆ ውስጥ ደበሎውን ጠቅልሎ ቅኔ ሲቆጥር፣ ሰምና ወርቁ የሚስማማለት ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ ተምረዋል። ስንቱ ቅኔ ከዚያ ሌጦ ሥር ወጥቶ ይሆን? ጌጠኛው ካባ አንድም ስንኝ ሲወልድ አላየሁም (ያለኝን አንድ ካባ ሠርጌ ላይ ብቻ ስለ ለበስኩት ፍርዴ ሚዛናዊ ላይሆን ይችላል)።

መንዝ ደግሞ የራሱ መፍትሔ አለው። እዚያ ጥጥ አይበቅልም፤ በግ ግን አለ፣ ጠጉሩም ረጅም ነው። ሴቶቹ ይፈትሉታል፤ ወንዶቹ ባናና ዝተት ይሠሩበታል። ባና ሲለብሱት ይኮሰኩሳል፤ ግን ዝናብ ቶሎ አያልፈውም። ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» በተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፉ መንዝን ሲገልጽ ይህን የሱፍ ልብስ ሳያነሳ አላለፈም። ኋላም በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለው እዚያው አጠገብ፣ ደብረ ብርሃን ላይ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። በሥራ ቀን «መያዣ» የሚለውን ቃል ሃያ ጊዜ እሰማለሁ፤ ቤት መያዣ፣ መኪና መያዣ። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ላይ ግን እኛ ባንክ ቤት የማንሠራበት አንድ ደንብ አለ። የባልንጀራህን ልብስ መያዣ አድርገህ ብትወስድ ፀሐይ ሳትጠልቅ መልስለት፤ ሌላ የሚተኛበት የለውምና የሚል ሐሳብ ነው። ይህን ቃል የእኛ አባቶች ሲሰሙት ማብራሪያ የሚያስፈልጋቸው አይመስለኝም። በቀን ትከሻ ላይ የሚጣለው ሸማ በሌሊት የሚከናነቡት ያው ሸማ ነበርና። ጌታው ፊት ሲቆም ያደገድገዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ያጣፋዋል፤ ሐዘን ሲደርስበት ጥለቱን ያዛውረዋል፤ ሲመሽ እላዩ ላይ ጎትቶ ይተኛል። ከአንድ ልብስ በላይ የሌለው ሰው ልብሱን ቢያሲዝ ያስያዘው ሌሊቱን ነው። ወለድ እንዲህ ያለውን ነገር አያሰላም።

ይህን ሸማ ማን ሠራው? ጥጡን በመዳመጫ ዳምጣ ፍሬውን የምታወጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ በእንዝርት የምትፈትል ሴት ናት። የሚሸምነው ወንዱ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ፣ ድሩን ወጥሮ፣ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ይውላል። በጎንደር አካባቢ ይህ ሥራ በአብዛኛው የሙስሊሞችና የቤተ እስራኤላውያን ነበር፤ ለአዲስ አበባ ደግሞ ዶርዜዎች ደረሱላት። አገሩ ሁሉ ሸማኔው በሠራው ልብስ እየሞቀ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» ብሎ ሰደበው። መሬት የሌለው፣ ጋብቻ የሚከለከል፣ የሚናቅ ሰው ሆኖ ኖረ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ ማወጃቸው የታወቀ ነው፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላ ብዙ ዕድሜ ኖሯል። በማስታወሻ ደብተሬ ጥግ የሞነጨርኳት ሁለት ስንኝ ነበረችኝ፦

ለኔ እየሸመነ አራቱን እጥፍ ጥጥ፣
ማን አልብሶት ይሆን እሱ ሲንቀጠቀጥ?

ምኒልክን ካነሳን ዘንድ እንጦጦን ማለፍ አይቻልም። ቤተ መንግሥታቸው 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በዚያ ተራራ ላይ ሳለ ነፋሱና ቁሩ ያስመርር ነበር፤ ማገዶውም እየራቀ ሄደ። ከሥር ግን ፍል ውሃ ይፈላል። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውሃው ወርደው ቦታውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ዋና ከተማችን የተወለደችው ከሙቀት ፍለጋ ነው ብል የታሪክ ሊቃውንት ይቆጡኝ ይሆናል፤ ሌላም ምክንያት እንዳለ አላጣሁትም። እኔ ግን በዚህ በኩል ማየት ደስ ይለኛል። በዚያው ተራራ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ፣ ከጨንቻ ደጋ የመጡት ዶርዜዎች ሰፍረው መሸመን ያዙ። ጉምና ብርድ ያሳደጋቸው ሰዎች በብርዳሙ ተራራ ሥር ልብስ ሠሪ ሆኑ።

ጋቢ እንግዲህ የዚህ ሁሉ ልጅ ነው። ነጠላ ሁለት እጥፍ ነው፤ ጋቢ አራት። ምስጢሩ ጥጡ ብቻ አይደለም፤ በእጥፎቹ መካከል ታግቶ የሚቀረው አየር ነው ሙቀት የሚይዘው። ዛሬ ዛሬ ድሩ ከፋብሪካ ይገዛል፤ ጥሩ ጋቢ ግን ማጉ አሁንም የእጅ ፈትል ነው። ወፈር ያለ፣ እዚህም እዚያም ቋጠሮ ያለበት። ከባሕር ማዶ በማሽን ተሠርቶ የሚመጣውን አስመስሎ ስዳስሰው ልስላሴው ያስከፋኛል። እንከን የለበትም፤ ሙቀትም የለበትም። ሽሮ ሜዳ ላይ አንድ ሸማኔ ዋጋውን ስከራከረው «ጌታዬ፣ የኔን ሁለት ቀን ነው እኮ የሚለብሱት» አለኝ። ከዚያ በኋላ መከራከሩን ተውኩት።

አያቴ ጋቢ አሮጌ ነው ብላ ጥላ አታውቅም ነበር። ሲሳሳ ለሕፃን መታቀፊያ ትቀደዋለች፤ የሕፃኑ ሲያልቅ የምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ከዚያ የሚተርፈውን ቁራጭ በጭኗ ላይ ገምዳ የኩራዝ ክር ታደርገዋለች። ማታ ማታ በዚያ መብራት ዳዊት ስትደግም፣ አዲሱን ጋቢ ተከናንባ፣ አሮጌው ፊቷ ላይ ይበራ ነበር።