ላዳ ከላዳ ይለያል

ከቦሌ እስከ መገናኛ በኮንትራት ታክሲ የተመላለሰ አዲስ አበቤ ሰማያዊና ነጭ የተቀባችን ትንሽ መኪና ሁሉ «ላዳ» ይላታል። ቶዮታ ብትሆንም ስሟ አይለወጥም። ጋራዥ የዋለ ሰው ግን በጅምላ አይናገርም፤ «የትኛዋ ላዳ?» ብሎ ይጠይቃል። ልክም ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጣሊያን ነው። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውላ፣ በቮልጋ ወንዝ ዳር ትልቅ ፋብሪካ ተከለች። ከተማዋም ቶልያቲ ትባላለች፤ ስሟን ያገኘችው ከጣሊያናዊው የኮሙኒስት መሪ ከፓልሚሮ ቶልያቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ከዚያ የወጣችው ላዳ 2101 የፊያት 124 ታናሽ እህት ናት። ሁለቱን ጎን ለጎን ያቆመ ሰው በመጀመሪያ እይታ አይለያቸውም። ሩሲያኖቹ ግን ለክፉ መንገድና ለብርድ ብለው ከስምንት መቶ በላይ ለውጥ አድርገውባታል። ቆርቆሮዋን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ ሞተሯን ቀየሩት፣ የኋላውን ዲስክ ፍሬን በታምቡር ተኩት። ይህን ሁሉ ለማየት መኪና መፍታት ያሻል። ለመንገደኛ የሚበቃው የበሩ እጀታ ነው፤ የፊያቷ ወጣ ብሎ ይታያል፣ የላዳዋ ግን ወደ ውስጥ ገብቷል።

ላዳዎቹን እርስ በርስ ለመለየት ደግሞ ፊታቸውን ማየት ነው። ሁለት ክብ መብራት ካላት 2101 ናት፤ አራት ከሆነ 2103 ወይም 2106። እነዚህን የሚያምታታ ብዙ ነው። 2103 በኒኬል አጊጣለች፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የመጣችው 2106 ግን በኒኬሉ ፋንታ ጥቁር ፕላስቲክ ይበዛባታል፣ የኋላ መብራቷም ሰፋ ይላል። መብራታቸው አራት ማዕዘን የሆነው 2105 እና 2107 ደግሞ በፊት በራቸው ላይ የቀደሙት ያላቸው ሦስት ማዕዘን የንፋስ መስኮት የለም። 2107 ከራዲያተሩ ፊት ያደረገችው አብረቅራቂ ክፈፍ መርሴዲስ ልምሰል ያለች ያስመስላታል፤ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ስቴሽን ዋገኖቹ ይበልጥ ያሳስታሉ። 2102 እና 2104ን ከኋላ ብቻ ያየ ሰው አንድ መኪና ናቸው ቢል አይፈረድበትም። ዞሮ ፊታቸውን ማየት አለበት፤ የ2102 መብራት ክብ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የመጣችው 2104 ደግሞ የ2105ን ፊት ይዛለች።

ላዳ ወደ እኛ የገባችው በደርግ ጊዜ፣ ከሶቪየት ጋር በወዳጅነት ስንኖር ነበር። ፋብሪካው የ2107ን እና የ2104ን ምርት እ.ኤ.አ. በ2012 አቆመ። እዚህ ግን ላዳ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት እየተጠገነች ስትሠራ፣ ቢጫ የተቀቡት የሊፋን ታክሲዎች ሲመጡም አይታለች። መካኒኩም የሩሲያዋን መኪና ኮፈን ከፍቶ ካንዴላ ነቅሎ ያያል፣ ፍሪሲዮኗን ይፈትሻል፣ ማርሿን ይሞክራል። ከአፉ የሚወጣው የጣሊያን ቃል ነው፤ አንድም የሩሲያ ቃል አይወጣም።