ጋን፣ ጭስና ጌሾ፦ የኢሉባቦር ጠላ ከብልሽት የሚጠበቅበት ጥበብ

ጎሬ በአገራችን እጅግ ብዙ ዝናብ ከሚጥልባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ለቡናው የተመቸው ይህ እርጥበት ለብቅል ግን ጠላት ነው። የበቀለ ገብስ ቶሎ ካልደረቀ ይሻግታል፤ የሻገተ ብቅል የገባበት ጠላ ደግሞ ገና ሳይጠመቅ የተበላሸ ነው። ከጎሬ እስከ መቱ፣ ከመቱ እስከ በደሌ ባሉት ከተሞች ጠላ ጠምቆ ማደር ማለት ከሻጋታና ከኩምጣጤ ጋር ዓመቱን ሙሉ መታገል ነበር።

የኢሉባቦር ገዥ ራስ ተሰማ ናደው ጎሬን መቀመጫቸው ባደረጉበት ዘመን ከሸዋ የዘመተው ሹምና ወታደር የጠላ ልማዱን ይዞ መጣ። የአካባቢው ኦሮሞ ግን ፋርሶ የሚለውን የራሱን ጠላ ቀድሞም ይጠምቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ባሮ ዳር ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ሲቋቋም የኢሉባቦር ቡና በበቅሎ ጭነት ወደ ቆላ መውረድ ጀመረ። ወንዙ በክረምት ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች ቡናውን ይረከቡ ነበር። ነጋዴና አጋሰስ ነጂ የሚያድርበት ከተማ ጠላ ቤት አያጣም። ለማኅበር የተጠመቀ ጠላ ቢበላሽ የሚያመጣው እፍረት ነው፤ ለሽያጭ የተጠመቀው ሲበላሽ ግን እህሉም፣ ማገዶውም፣ የልጆች እራትም አብሮ ይሄዳል። ኪሳራውን የምትሸከመው ጠማቂዋ ብቻዋን ነበረች።

የጠላ ትልቁ ፈተና እዚህ ላይ ነው። ጠማቂዋ እርሾ ገዝታ አትጨምርም። መጠጡን የሚያፈላው እርሾ ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከጋኑ ገላ ራሱ ይመጣል። ስለዚህ በሩን ጨርሶ መዝጋት አይቻልም፤ የሚጠቅመው እንዲገባ፣ የሚጎዳው እንዲቀር ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ያለ ማጉያ መነጽር መሥራት ቀላል ሙያ አይደለም።

ሥራው ከጋኑ ይጀምራል። ሸክላ ቀዳዳው ብዙ ነው፤ ያለፈው ጠላ ዝቃጭ እዚያ ውስጥ ተሸሽጎ ይቀራል። ጠማቂዋ እጇን እስከ ብብቷ አስገብታ ጋኑን በግራዋ ቅጠል ትፈትጋለች። ግራዋ፣ በአካባቢው አጠራር ኤቢቻ፣ ሲታሽ አረፋ የሚያወጣ መራራ ቅጠል ነው። ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ደጋግማ ታለቀልቃለች፤ አፍንጫዋን ወደ ጋኑ አፍ አስጠግታም ታሸታለች። የኩምጣጤ ሽታ ካለ እንደገና ይፈተጋል። ከዚያ የወይራ ስንጥር ፍም ላይ ይደረግና ጋኑ በጭሱ ላይ ይደፋል። ጭሱ ውስጡን ሞልቶ በአፉ ዙሪያ ሲትጎለጎል ይቆያል፤ ጋኑ ሲነሳ ሙቅ፣ ደረቅና ወይራ ወይራ የሚል ነው። ብዙ ጠጪ ይህን መዓዛ ለጣዕም ብቻ የተደረገ ይመስለዋል። ጭሱ የሚተዋቸው ውህዶች ግን ባክቴሪያን ያዳክማሉ፤ ሙቀቱም የቀረውን እርጥበት ያደርቃል።

ጌሾ ተከታዩ ጠባቂ ነው። የተወቀጠው ቅጠል ውኃ ውስጥ ቀናት ይሰነብትና ብቅልና ቂጣ ሲጨመርበት ጥንስስ ይሆናል፤ አሻሮው ገብቶ ድፍድፍ ይባላል። ጌሾ ምሬት መስጠቱ ብቻ ሳይሆን፣ የፈረንጅ ቢራን ከብልሽት የሚጠብቀው ሆፕስ የሚሠራውን ዓይነት ሥራ ይሠራል። በመጨረሻም ውኃ ተጨምሮ የጋኑ አፍ ይከደንና በጭቃ ይመረጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አልኮልን ወደ ኩምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ያለ አየር አይሠሩም። ጋኑ ከተከፈተ በኋላ ያለው ጊዜ ግን አጭር ነው። ጠላ ሻጮች ሙሉውን ጋን በጥቂት ቀን ለመጨረስ የሚጣደፉት ለዚህ ነው።

አውሮፓም ከዚሁ ችግር ጋር ብዙ ታግላለች። ሉዊ ፓስተር ስለ ቢራ በሽታዎች መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። በ1883 ኤሚል ሐንሰን ዴንማርክ ውስጥ በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ንጹሕ እርሾ ለይቶ ማራባት ቻለ፤ ፋብሪካውን ያስቸገረው ሳይጠራ የገባ የዱር እርሾ ነበርና። በ1886 ደግሞ የፓስተር ተማሪ የነበረው ሐርቶግ ኤሊዮን ለሃይኒከን የራሱን እርሾ ለየለት። ያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 የበደሌ ቢራ ፋብሪካን ገዛ። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲከፈት በደሌ የኢሉባቦር ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የቡኖ በደሌ ዞን ዋና ከተማ ናት። በአንድ ከተማ ውስጥ በእንፋሎት የሚታጠብ የብረት ጋንና በወይራ የሚታጠን የሸክላ ጋን ጎን ለጎን መኖር የጀመሩት ፋብሪካው ሲከፈት ነው። ሁለቱም የሚዋጉት አንድ ጠላት ነው።

ጭሱን ያዳከመው ግን ፋብሪካው አይደለም፤ የፕላስቲክ በርሜል ነው። በርሜሉ አይሰበርም፣ ለመሸከምም ይቀላል፤ የእንስራና የጋን ሸክም ወገብ ላጎበጠው ሴት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ማንም ሊነቅፋት አይገባም። ነገር ግን ፕላስቲክ ፍም ላይ አይደፋም። ሲፈተግ ደግሞ ይጫጫራል፤ ባክቴሪያም ጭረቱ ውስጥ ይደበቃል። ከሦስቱ ጠባቂዎች፣ ከግራዋ፣ ከጭስና ከጌሾ፣ ጭሱ ሲቀር ሸክሙ በሙሉ በግራዋውና በጌሾው ላይ ይወድቃል።

ይህ በመላ ምት የሚታለፍ ጉዳይ መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው መቱ ዩኒቨርሲቲ ጥያቄውን በደጁ ሊመረምረው ይችላል። አንድ ዓይነት ጥንስስ በታጠነ ጋን፣ ባልታጠነ ጋንና በፕላስቲክ በርሜል ይጠመቅ፤ ባለሙያዋም የጥናቱ ባልደረባ ሆና ድካሟ ይከፈላት። ጋኖቹ ከተከፈቱ በኋላም በየቀኑ ኩምጣጤውና ባክቴሪያው ይለካ።