ጥቁሩ ድንጋይ በማን እጅ መጣ?

ባልጩት የሚባለውን ድንጋይ ታውቁታላችሁ? ጥቁር ነው፣ እንደ ጠርሙስ ያብረቀርቃል፣ ሲሰበር ጠርዙ ከምላጭ አያንስም። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ስትሉ መልካ ቁንጡሬን ታገኛላችሁ። እዚያ፣ ስምቢሮ በተባለው ሥፍራ፣ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበሩት ቀደምቶች ድንጋይ ፍለጋ ብዙም አልተንከራተቱም፤ ወንዙ ራሱ ባልጩቱን እያንከባለለ አጠገባቸው ያራግፍላቸው ነበር። እነሱ ለቅሞ መጥረብ ብቻ! ዴሊቨሪ በሉት።

እኔን የሚገርመኝ ግን የድሬዳዋው ነው። ከከተማዋ አጠገብ ፖርክ ኤፒክ (በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው) የሚባል ዋሻ አለ። በ1929 እ.ኤ.አ. ያገኙት ቴያር ደ ሻርዳን የተባሉ ቄስና ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ ናቸው። ሞንፍሬድ ሐሺሽና ጠመንጃ በማዘዋወር የታወቀ ሰው ነበር፤ ስለ ሸቀጥ ጉዞ ለምናወራው ለእኛ ይመቸናል። ከ40 ሺሕ ዓመት ገደማ በፊት በዋሻው የነበሩት ሰዎች አብዛኛውን መሣሪያቸውን የሠሩት ከዚያው አካባቢ ድንጋይ ነው። በመሐሉ ግን ጥቂት ባልጩት ተገኘ። ከየት መጣ?

መልሱ ያለው ድንጋዩ ውስጥ ነው። ባልጩት ከእሳተ ገሞራ ወጥቶ ቶሎ የቀዘቀዘ ቅልጥ ነው፤ እንደ ዚርኮኒየም ያሉ ንጥረ ነገሮች በውስጡ ያላቸው መጠን ደግሞ ከምንጭ ምንጭ ይለያያል፣ ልክ እንደ ጣት አሻራ። ተመራማሪዎች ሲለኩት ከአሰቦት፣ ከአየሉና ከቆኔ የመጣ ሆኖ አገኙት። አሰቦትና አየሉ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። በመተሐራ በኩል ያለው ቆኔ ደግሞ ወደ 250! ባቡር የለ፣ አህያ የለ፣ ግመል የለ።

ራሳቸው ሄደው አምጥተውት ይሆን? በባሌ ተራሮች፣ ፊንጫ ሀበራ ዋሻ የነበሩት፣ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ የነበሩት ሰዎች፣ ባልጩታቸውን የሚያመጡት ከ4,200 ሜትር ከፍታ በላይ ወጥተው ነው። ግን እሱ ከዋሻቸው ብዙም አይርቅም። ደጁ ላይ ሌላ ድንጋይ ሞልቶለት ለጥቂት ቁራጭ 250 ኪሎ ሜትር የሚኳትን ሰው ግን አይታየኝም። እኔ የማደላው ከእጅ ወደ እጅ ተቀባብሎ መጣ ለሚሉት ነው። በስጦታ፣ በልውውጥ፣ ምናልባትም በጋብቻ። ዋሻው ውስጥ ተቀምጦ ያቺን ቁራጭ የተቀበለው ሰው ቆኔን በዓይኑ አይቶ ላያውቅ ይችላል፤ ቆኔን የሚያውቅ ሰው የሚያውቅ ሰው ግን ያውቅ ነበር።