የቤተሰብ ስም አለን ወይስ የለንም?

«ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም» ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል፡፡ ሕጉ ግን እንዲህ አይልም፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ አንድ ወይም ብዙ የተፀውዖ ስምና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል፡፡ የሕጉ አርቃቂ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፡፡ ድንጋጌው ግን ከወረቀት አልወረደም፡፡ ዛሬም በመዝገብ የሚሰፍረው የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ብቻ ነው፡፡ ልጅ በተወለደ ቁጥር ከኋላ አንድ ስም ይወድቃል፡፡

በእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ሥር የሰደደው ከ11ኛው እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፡፡ ምንጩም የአባት ስም፣ ሥራ፣ ቅጽል ወይም መንደር ነበር፡፡ ስሚዝ ማለት ብረት ቀጥቃጭ ነው፡፡ ጥቂቶች ብቻ የሚጠሩበት ስም ደግሞ አንዳንዴ የአንዲት መንደር ስም ሆኖ ይገኛል፡፡

የዚህ አቻ እኛ ዘንድ የለም ለሚል ሰው ጌጫን እጠቅሳለሁ፡፡ ጌጫ በሸካ ዞን የአንድራቻ ወረዳ ከተማ ናት፡፡ የሕዝቡ መጠሪያ ሸካቾ ራሱ ትርጉሙን ይናገራል፤ «ቾ» የሚለው መድረሻ «የዚያ አገር ሰው» ማለት ነው፤ ካፊቾም እንዲሁ፡፡ «ሞቻ» ግን ሌሎች ያወጡላቸው ስም ነው፡፡

ሸካቾ ዘንድ ጎሳ ከአባት ወደ ልጅ ሳይቋረጥ ይተላለፋል፡፡ የአንድ ጎሳ ልጆች አይጋቡም፡፡ በደን ውስጥ ቀፎ የመስቀል መብትም «ቆቦ» በሚባለው ሥርዓት በዘር ይወረሳል፡፡ ስለዚህ ጎሳው የቤተሰብ ስም የሚሠራውን ሁሉ ይሠራል፤ የጎደለው መዝገብ ላይ መስፈር ብቻ ነው፡፡ የውርስ ክርክር ሲነሣ ምስክሩ የሽማግሌ አንደበት ነው፤ ሽማግሌው ሲሞት ማስረጃውም አብሮ ይቀበራል፡፡

ታዲያ ይመዝገብ? ጥያቄው ቀላል አይደለም፡፡ በዚያው አካባቢ ማንጆዎች በማንነታቸው ምክንያት ከማዕድና ከጋብቻ ሲገለሉ ኖረዋል፡፡ ወገንን የሚያሳውቅ ስም ለአንዱ የውርስ ማስረጃ፣ ለሌላው የመገለያ ምልክት ሊሆን ይችላል፡፡ በእኔ አስተያየት በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በሚሠራባቸው ቅጾች ላይ ለቤተሰብ ስም አንድ ዓምድ ቢጨመር፣ አሞላሉም በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ ቢሆን ይበጃል፡፡ መታወቂያ ላይ ግን መታተም የለበትም፡፡