የሆራው አሸዋ

በነቀምቴና በዙሪያዋ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል። ለበቆሎውና ለቡናው በረከት ነው፤ ለከብቱ ግን ችግር ይዞ ይመጣል። ዝናቡ ቀዩን አፈር ከዘመን ዘመን እያጠበ ጨውነቱን ወደ ዲዴሳና ወደ አንገር ወንዞች፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ሲያወርደው ኖሯል። ሣሩ ለምለም ነው፣ ጨው ግን የለውም። ላም ደግሞ በቀን ከ100 ሊትር በላይ ምራቅ ታመነጫለች፤ ያ ምራቅ ያለ ሶዲየም አይሆንም። የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ስሠራ ገመድ የምታኝክ፣ ግድግዳ የምትልስ፣ ሌላዋ ስትሸና ለመጠጣት የምትሻማ ላም ብዙ አይቻለሁ። ባለቤቶቹ መርፌ ፈልገው ይመጣሉ። እኔ ግን አስቀድሜ "ሆራ ከጠጣች ስንት ጊዜ ሆናት?" እል ነበር።

ሆራ ከምድር ውስጥ ማዕድን ይዞ የሚፈልቅ ጨዋማ ምንጭ ነው። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት በፊንፊኔ፣ ዛሬ ፍልውሃ በምንለው ስፍራ፣ የቱለማ ከብት ይጠጣ ነበር። የአምቦም ውሃ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ለሰው ከመሸጡ በፊት የከብት ነበር። ወደ ወለጋ ሲዘለቅ ግን ሆራ እስከ ዛሬ የከብት ነው። በየሸለቆው አለ፤ አንዳንዱ እልፍኝ የሚያህል፣ አንዳንዱ ከድስት የማይሰፋ። ብዙዎቹን አንድ የሚያደርጋቸው ከሥር ያለው አሸዋ ነው። ውሃው በአሸዋው ውስጥ ተጣርቶ ይወጣል፤ አሸዋው ከተደፈነ ምንጩ ይታፈናል ወይም ዓይኑን ቀይሮ ሌላ ቦታ ይፈነዳል።

ሰው ለዚህ አሸዋ ይህን ያህል የተጨነቀው ሌላው ጨው ሩቅ ስለነበረ ነው። የጨው አሞሌው ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ትግራይን አልፎ፣ ጎጃም በሶ ገበያ ይደርስ ነበር፤ ከዚያ ዓባይን ተሻግሮ ጉድሩ አሰንዳቦ ይራገፍና ከአሰንዳቦ ወደ ሌቃ ቢሎ ይቀጥል ነበር። በእያንዳንዱ ኬላ ቀረጥ ነበር፣ በእያንዳንዱ ወንዝ የሚሟሟ ነበር። በአፋር በረሃ እንደ ዋዛ የሚገዛው አሞሌ ወለጋ ሲደርስ እንደ ብር የሚቆጠር ገንዘብ ይሆን ነበር። ገንዘብን ለላም የሚያስልስ ማን ነው? ስለዚህ ሰው አሞሌውን ለወጡና ለገበያው ያስቀምጥ፣ ከብቱን ወደ ሆራ ይነዳ ነበር። ስለ ሲራራ ነጋዴዎች ብዙ ተጽፏል። ስለ ሆራ ጠራጊዎች የተጻፈው ጥቂት መሆኑ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ የወለጋን ከብት ያቆሙት እነሱ ናቸውና።

አባቴ ከነቀምቴ ወደ ዲዴሳ በሚወስደው መንገድ ግርጌ ያለ የአንድ ሆራ ተጠሪ፣ አባ ሆራ፣ ነበሩ። ጠረጋው የሚጀመረው ክረምቱ ሲወጣ፣ መስቀል አልፎ ምድሩ ጠጠር ሲል ነበር። ጎርፍ ያመጣው ደለል በዚያን ጊዜ ሆራውን እስከ አፉ ሞልቶታል። በመጀመሪያ ከላይ በኩል ቦይ ይቀደዳል፤ የዝናብ ውሃ ዳግም እንዳይገባ ነው። ቀጥሎ ወንዶቹ በግማድ ቅል ውሃውን እየጨለፉ ያደርቁታል። ከላይ የተጋደመው ጥቁር ጭቃ፣ እበትና ቅጠል የተቀላቀለበት፣ በእንጨት አካፋ ይገፈፋል። እዚህ ላይ አባቴ ማንንም አያምኑም፤ ራሳቸው ይወርዳሉ። እጃቸውን አሸዋው ውስጥ እስከ ክርን ይሰዱና ቀዝቃዛውን የውሃ ግፊት ይፈልጋሉ። ዓይኑን ሲያገኙት "እዚህ አካፋ አይገባም" ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በእጅ ብቻ ነው።

ሻካራው አሸዋ አይጣልም። በቅርጫት ወጥቶ፣ በራሱ በሆራው ውሃ ታጥቦ፣ ደቃቁ ከተለየ በኋላ ይመለሳል። ከወንዝ አሸዋ ማምጣት ክልክል ነበር። ልጅ ሳለሁ ምክንያቱን ስጠይቅ "አልቅት ይመጣል" ተባልኩ፤ ጨዋማው ውሃ ራሱ ከከብት አፍና ጉሮሮ አልቅትን እንደሚያስለቅቅ ሁሉም ያውቅ ነበርና መልሱ ገርሞኝ ነበር። ስማር ግን ጥንቃቄው ትክክል ሆኖ አገኘሁት። የወንዝ ደለል ከአልቅትም የከፋ፣ የጉበት ትልን የሚያራቡ ቀንድ አውጣዎች ይዞ ይመጣል፤ እነሱም ውሃ ያዘለ፣ በከብት ኮቴ የተቦካ ጭቃ ይወዳሉ። የሆራው ዳር እንዳይቦካ ነበር ከብት ገብቶ እንዳይረግጥ የሚከለከለው። ውሃው ከግንድ ወደተጠረበ ገንዳ ይቀዳል፤ ላሚቱ ከገንዳው ትጠጣለች። ከብቱን ወደ ውስጥ የለቀቀ ሰው ቅጣቱ ሌላ ቀን ብቻውን መጥረግ ነው። አዲስ የወለደችና የከሳች ላም ትቀድማለች፤ ይህን ተራ ለማፍረስ ባለጠጋ እንኳን አይደፍርም ነበር ብለው አባቴ ይምላሉ፤ አያቴ ግን የባላባት መንጋ ሲመጣ ሁሉም ገለል ይል እንደነበር አጫውተውኛል። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል፤ ዘመኑ ነው የተለያየው።

ጥቁሩ ጭቃ እንዴት እንደሚጠቁር ማወቅ ደስ ይላል። እበት አሸዋ ውስጥ ሲቀበር አየር ያልቃል። ያኔ አየር የማይሹ ባክቴሪያዎች በውሃው ውስጥ ካለው ሰልፌት እየተነፈሱ የበሰበሰ ዕንቁላል የሚሸት ጋዝ ይለቃሉ፤ ጋዙም ከብረት ጋር ተዋህዶ አሸዋውን ያጠቁረዋል። በ1853 እ.ኤ.አ. ለንደን ሬጀንት ፓርክ በሚገኘው የእንስሳት ማቆያ የባሕር ፍጥረት በመስታወት ገንዳ ለሕዝብ ከታየ ወዲህ የባሕር ዓሣ በቤቱ የሚያኖር ሁሉ የሚታገለው ከዚሁ ጥቁር አሸዋ ጋር ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ በአሸዋው ላይ የሚወርደው ቆሻሻ አሸዋው ውስጥ ያለው ሕይወት ከሚበላው ከበለጠ አሸዋው ይሸታል። አባቴ ይህን በአፍንጫቸው ያውቁ ነበር። ሽታው ከመጣ መስቀልን አይጠብቁም።

በ1880 ዓ.ም. የጀመረው ክፉ ቀን ይህን ሁሉ አቋረጠው። የከብት ደስታ የተባለው በሽታ በምጽዋ በኩል ገብቶ አገሪቱን ሲያዳርስ ከከብቱ 90 በመቶ ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። ሆራ ደግሞ የብዙ መንደር ከብት በአንድ ገንዳ አፍ ለአፍ የሚገናኝበት ስፍራ ነው፤ ለበሽታው ከዚህ የተመቸ አልነበረም። አያቴ ከአባታቸው የሰሙት፣ የሚጠጣ ከብት ስላልነበረ ሆራችን በቄጠማ ተውጦ ነበር፤ ዓይኑን እንደገና ያገኙት ሽማግሌዎች አሸዋውን በእጃቸው እየዳሰሱ ነው። እኔን ግን በሥራ ዘመኔ ይኸው መሰባሰብ ጠቀመኝ። የደስታ ክትባት ስንሰጥ ቤት ለቤት መዞር አላስፈለገንም፤ በሆራው ቀን ማልደን እንወርድና ከብቱን ውሃ ጠጥቶ ሲመለስ እንወጋ ነበር። በሽታው በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ሲታወጅ ያ ሆራ ትዝ አለኝ።

የጠረጋውን ሥርዓት ያላላው በሽታ አይደለም። የመኪና መንገድ ከተማችን ደርሶ ጨው በጆንያ ሲረክስ አንዳንዱ ከብቱን መንዳት ተወ። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ደግሞ ሆራው ወደ ገበሬ ማኅበሩ ተላለፈ። አዋጁን አልነቅፍም፤ ጭሰኛውን ነጻ ያወጣ አዋጅ ነው። ግን ቅጣትና ተራ የሚያስከብር ሰው ቀረ፤ ማኅበሩ ሌላ ብዙ ሥራ ነበረበት። ግጦሹ እየታረሰ፣ ከብቱ እየቀነሰ፣ በቆላው በኩል ደግሞ የከብት በሽታው ገንዲ እየበረታ ሲሄድ፣ ወደ ዲዴሳ ሸለቆ መውረድን ብዙዎች ፈሩ።

ኋላ ላይ አንድ ድርጅት በጎ አስቦ የሆራችንን ወለል በሲሚንቶ ለበጠው። ሥራው ያምር ነበር። አሸዋው ተጠርጎ ወጣ፣ ወለሉ ለሰለሰ፣ ውሃው ግን በሁለተኛው በጋ ቀነሰና ከታች፣ ከሾላው ሥር፣ በራሱ ጊዜ ወጣ። ውሃ መውጫውን ከተነፈገ ሌላ ይፈልጋል። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ወጣት ሁሉ የምለው ግልጽ ነው። ሲሚንቶ የሚያስፈልገው ገንዳው ነው፤ ወለሉ አሸዋ ይሁን፣ ዙሪያው ይታጠር፣ ቦዩ ይቀደድ፣ አሸዋውም በየዓመቱ ይታጠብ።

የመንደሩ ልጆች ሾላው ሥር ያለውን አዲሱን ዓይን በእሾህ አጥረው ባለፈው ጥቅምት ጠርገውታል፤ እኔም ከዳር ቆሜ አካፋ የማይገባበትን አሳየኋቸው። የቀረው ቦዩ ነው። ከላይ ያለው የበቆሎ ማሳ አፈሩንና ማዳበሪያውን ክረምት ክረምት ወደ ሆራው ያወርዳል፤ ቦዩ ደግሞ ካለ ባለ ማሳው ፈቃድ አይቀደድም። እሱ በምትኩ የሁለት በሬዎቹን ተራ ማስቀደም ይፈልጋል፣ ልጆቹ አልተስማሙም፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ለሐሙስ ቀጥሯል።