አውኚን ለመማር የሚሻ ሰው ከወዴት ይጀምር?

ለመንግሥት ሥራ ተመድበው ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ዳንግላ የሚሄዱ እንደሆነ፣ ገና የከተማውን መንገድ ሳይለምዱ አንድ ቃል ይሰማሉ። ይኸውም የአገሩ ቋንቋ ስም ነው። እኛ አውኚ ብለን እንጽፈዋለን፤ ብዙዎቻችንም አገውኛ እንለዋለን። ነገር ግን በባለቤቶቹ አፍ ሲነገር፣ በመካከሉ ያለው ድምፅ የእኛ «ኘ» አይደለም። «እንግዳ» ለማለት ይጀምሩና «ግ» ሳይደርስ ያቁሙ፤ ምላስዎ ወደ ኋላ አፈግፍጎ፣ ድምፁ በአፍንጫ የሚወጣበት ያ ስፍራ ነው። በአማርኛ ይህ ድምፅ ከ«ግ» ወይም ከ«ክ» ፊት ካልሆነ አይታይም፤ በአውኚ ግን ራሱን ችሎ ይቆማል። እንግዲህ ትምህርቱ ከስሙ ይጀምራል ማለት ነው።

ይህን ቋንቋ ከሩቅ መጥቶ ለመመርመር የደከመ ሰው ጥቂት አይደለም። በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይን ያየው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ፣ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን በልዩ ልዩ የአገራችን ቋንቋዎች አስተርጉሞ ወደ አገሩ ወስዷል። ከነዚያም አንዱ የዳሞት አገው ቋንቋ፣ አንዱም የጋፋት ቋንቋ ነበረ። ከእርሱ በኋላ እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. በጎጃም ሲዘዋወር የቃላት ዝርዝር ሰበሰበ። ኢጣሊያዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ደግሞ ስለ ዳንግላ አውያ ቋንቋ የጻፈውን ማስታወሻ በ1905 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ይህ ሰው በኤርትራ የቅኝ ግዛት መሥሪያ ቤት ሹም እንደነበረ ልብ ይሏል። ያገለገለበትን አገዛዝ የምናመሰግነው አይደለም፤ ነገር ግን የመዝገብ ሥራ ቋንቋ ለመማር ጊዜ አይሰጥም ለሚሉ ባልደረቦቻችን የእርሱ ነገር መልስ ይሆናል። በ1969 እ.ኤ.አ. ሮበርት ሄትዝሮን ስለ ደቡብ አገው ግሥ ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ማውጣቱም፣ የግሡ እርባታ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ያስረዳል።

ከብሩስ ጽሑፎች መካከል የጋፋቱን ነገር ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ጋፋትኛ ከዓባይ ወንዝ አጠገብ በጎጃም ደቡብ ይነገር የነበረ ቋንቋ ነው። ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲፈልገው የሚናገሩት ጥቂት ሰዎችን ብቻ አገኘ፤ ዛሬ ተናጋሪ የለውም። ብሩስ ያስጻፈው ብራና በኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ ጋፋትኛን የሚማር ሰውም ከወረቀት በቀር ጠያቂና መላሽ የለውም። አውኚ ግን በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ወደ 490 ሺህ የሚጠጉ አፍ መፍቻዬ ነው የሚሉ ሰዎች ተቈጥረውለታል።

ከወረቀት ብቻ የሚጀመር ቋንቋ የለም ማለቴ አይደለም። አሜሪካዊው ጄምስ ኩክ ብራውን በ1955 እ.ኤ.አ. ሎግላን የተባለ ቋንቋ ማዘጋጀት ጀመረ፤ ከዚያም የወጣው ሎጅባን በ1987 እ.ኤ.አ. ራሱን ችሎ ተነሣ። ሥረ ቃላቱ ሁሉ አምስት አምስት ፊደል ናቸው፤ የተቀመሙትም ከቻይንኛ፣ ከህንድኛ፣ ከእንግሊዝኛ፣ ከሩስኛ፣ ከስፓኝኛና ከዐረብኛ ነው። ሕጉ አስቀድሞ የተጻፈ ስለሆነ ጀማሪው ከሰዋስው መጽሐፍ ጀምሮ ወደ ሰው ቢሄድ አይሳሳትም። አውኚን በዚህ መንገድ ለመጀመር የሚሞክር ግን ይቸገራል፤ በቃሉ ላይ የሚወጣውና የሚወርደው ቃና በፊደል ስለማይጻፍ በጆሮ ካልሆነ አይገኝም።

ስለዚህ አስቀድመው ጆሮዎን ያሠልጥኑ። እንደ አማርኛው «ጠ» እና «ጨ» እየፈነዱ የሚወጡ ድምፆች በአውኚ በመሠረቱ የሉም። ከዚያ በኋላ ቍጥር ይማሩ፤ ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል ደጅ አላገኘሁም። ሁለት «ላንጋ» ነው፤ «ግ» ሳይሰማ፣ በዚያ በ«እንግዳ» ድምፅ ይበሉት። ሰባት በዚሁ ድምፅ «ላንግታ» ነው። ሦስት «ሹጋ»፣ ስምንት «ሶግታ» ሲሆን «ግ» ከጉሮሮ ይወጣል። አምስት ደግሞ «አንኳ» ነው። ሰባት ከሁለት፣ ስምንት ከሦስት መውጣቱን ያያሉ፤ አንድ እጅ ሞልቶ በሁለተኛው እጅ ጣት መቍጠር እንደ ማለት ነው። ይህም ሥርዐት በከረን ቢለኖች ዘንድ ይገኛል፤ የአገው ቋንቋዎች ከሰቆጣ እስከ ከረን አንድ ቤተሰብ ለመሆናቸው ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምስክር ለጀማሪ አይቀርብለትም።

ዐረፍተ ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ አያስቸግርም፤ ግሡ እንደ እኛው ከመጨረሻ ይቀመጣል። እንዲያውም ሊቃውንት አማርኛ ይህን ልማድ ከአገው ቋንቋዎችና ከሌሎች ኩሻዊ ጎረቤቶቹ ወረሰ ይላሉ። እኛ «ዶሮ» ስንል እነርሱ «ዱሪ» ይላሉ። ልዩነቱ እኛ «ከ»፣ «ለ»፣ «በ» እያልን ከስሙ ፊት የምናስቀድመውን እነርሱ ከስሙ በኋላ ማስከተላቸው ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዲኖራቸው ደንግጓል፤ የፍርድ ቤቱን ቋንቋ የማያውቅ ተከሳሽም በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት መጠየቅ ይችላል። ነገር ግን ከባንጃ ወይም ከአንከሻ ገጠር ስለ መሬቱ አቤት ለማለት የመጣ ሽማግሌ በእርስዎ ጠረጴዛ ፊት ሲቆም፣ ዘወትር አስተርጓሚ አይገኝለትም። በረንዳ ላይ የቆመ ሌላ ባለጉዳይ ይጠራና የቤተ ሰብ ምስጢር በባዕድ አፍ ይነገራል፤ ከሁለት አንዱ ቃልም በመንገድ ላይ ይቀራል። አቤቱታውን ሁሉ ለመስማት ዓመታት ያስፈልግ ይሆናል፤ ነገር ግን የልጆቹን ቍጥርና የመሬቱን ድንበር ከራሱ አፍ ለመረዳት ያን ያህል አይፈጅም።

በአዊ ዞን ያሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ1980ዎቹ ዓመታት ማብቂያ ገደማ ጀምሮ በአውኚ ያስተምራሉ፤ የመማሪያ መጻሕፍቱም በምናውቀው በግዕዝ ፊደል የተጻፉ ናቸው። የአንደኛ ክፍሉን መጽሐፍ ከጎረቤትዎ ልጅ ይዋሱ፤ ማታ ማታም አንድ ገጽ ልጁ ያንብብልዎ፣ እርስዎም ይድገሙት። ልጁ በእርስዎ አነጋገር ቢስቅ አይቈጡት፤ የቃናው ስሕተት ያለው በሣቀበት ቃል ላይ ነውና ያን ቃል እንደገና ያስነብቡት።