ጠበቃው ለምን ዝም አለ?

ባለፈው ክረምት አምስት ሆነን ጓደኛችን ቤት “ዘ ሊንከን ሎየር” የሚለውን ፊልም እያየን ነበር። ገና ሳያልቅ አንዷ ጓደኛችን አቆመችውና “ቆይ ግን፣ ይሄ ጠበቃ ለምን ሄዶ ለፖሊስ አይናገርም?” አለች።

ክርክሩ ከዚያ ጀመረ። አንዱ “ለገንዘብ ብሎ ነው” አለ። ሌላው ጠበቃውን “ብልጥ ነው፣ ቆይ ታያላችሁ” እያለ ያደንቃል። እኔ ሕጉ ራሱ የማይረባ ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። ኮድ ጽፌ ነው የምኖረው፤ በእኔ ሥራ ስህተት ያየ ሰው ሪፖርት ያደርጋል፣ ይስተካከላል፣ በቃ። ከመሃላችን ሕግ የተማረው አንድ ልጅ ብቻ “አይፈልግም አትበሉ፣ አይችልም” አለና ዝም አለ።

“አይችልም” የምትለዋ ቃል ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ሳነብ የከረምኩትን ነው እዚህ የማካፍላችሁ። ፊልሙን ያላያችሁ ካላችሁ ታሪኩን እንደምዘረግፈው ከወዲሁ እወቁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፊልሙ በ2011 የወጣ ሲሆን መነሻው የማይክል ኮኔሊ የ2005 ልቦለድ ነው። ማቲው ማኮናሄ የሚጫወተው ሚክ ሃለር፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሊንከን መኪናውን የኋላ ወንበር ቢሮ ያደረገ የወንጀል ጠበቃ ነው። ሉዊስ ሩሌ የሚባል የሀብታም ልጅ ሴት ደብድበሃል ተብሎ ይከሰስና ሃለርን ይቀጥረዋል። ሃለር መዝገቡን ሲያገላብጥ አንድ ያረጀ ጉዳይ ትዝ ይለዋል። ከዓመታት በፊት ሄሱስ ማርቲኔዝ የሚባል ደንበኛው በነፍስ ግድያ ተከሶ ነበር። “ከሞት ፍርድ እንድትተርፍ ጥፋተኛ ነኝ በል” ብሎ የመከረው ሃለር ራሱ ነው። እውነተኛው ገዳይ ግን አሁን ፊቱ የተቀመጠው ሩሌ ነው።

አንዱ ደንበኛው ገዳይ ነው፣ ሌላው ንጹህ ሆኖ በገዳዩ ፈንታ ታስሯል። ሃለር ደግሞ የሁለቱንም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ይሄ የደራሲ ፈጠራ ይመስላል። በእውነቱ ዓለም ግን ሁለት ጊዜ ተፈትኗል፤ ከሁለት ጊዜ በላይም ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው በ1973 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ የሆነ ነው። ሮበርት ጋሮ የሚባል ሰው ተራራማው አዲሮንዳክ አካባቢ ድንኳን ተክሎ የነበረን ወጣት ገድሎ፣ ጫካ ለጫካ ሲታደን ከርሞ ተያዘ። ጠበቆቹ ፍራንክ አርማኒና ፍራንሲስ ቤልጅ ነበሩ። ጋሮ ለእነሱ ሌላ ነገር ተናዘዘ፦ የጠፉ ሁለት ወጣት ሴቶችንም የገደለው እሱ ነው፤ አስከሬናቸው የት እንዳለም ነገራቸው። ጠበቆቹ ሄደው በዓይናቸው አዩ፣ ፎቶ አነሱ፣ ተመለሱ። ለማንም አልተናገሩም።

ልጆቻቸው የጠፉባቸው ቤተሰቦች ያን ጊዜ ገና ይፈልጉ ነበር። የአንደኛዋ አባት ስለ ልጁ ለመጠየቅ ጠበቃው ዘንድ ድረስ መጣ። መልስ ሳያገኝ ተመለሰ። ይቺን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ወጣ ብዬ ተመለስኩ።

አስከሬኖቹን ከወራት በኋላ ሌሎች ሰዎች አገኟቸው። በ1974 ጋሮ የአእምሮ ሕመም መከላከያ አቅርቦ፣ ሌሎቹንም ግድያዎች ችሎት ላይ በራሱ አንደበት ተናገረ። ያኔ ነው ጠበቆቹ ሲያውቁ እንደነበር ሕዝቡ የሰማው። አገር ተቆጣ። አርማኒ ዛቻ ደረሰበት፣ ደንበኞቹ ሸሹት። ቤልጅ ላይ ከአስከሬን ቀብር ጋር በተያያዘ ሕግ ክስ ተመሠረተበት። በ1975 ግን ዳኛው ክሱን ውድቅ አደረጉት፤ ጠበቃው ዝም ማለቱ ሕገ መንግሥቱ ለተከሳሽ የሰጠውን መብት መጠበቁ ነው የሚል ነበር ምክንያቱ። ዛሬ ይህ ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ የጠበቃ ሥነ ምግባር የሚማር ሁሉ የሚያነበው ነው።

ለምን እንደዚህ ሆነ? እኔ የገባኝ በራሴ ሥራ በኩል ነው። የምትልኩት መልእክት ሲመሰጠር፣ መንግሥታት አንዳንዴ “ለወንጀለኛ ብቻ የምትከፈት የኋላ በር አስቀምጡ” ይላሉ። እንደዚያ ያለ በር የለም። ለአንድ ሰው የተከፈተ በር ለሁሉም የተከፈተ ነው። የጠበቃም ምስጢር እንደዚያው ነው። ገዳዩ የነገረው ቃል የሚወጣ ከሆነ፣ ነገ በሐሰት የተከሰሰው ልጅም ለጠበቃው እውነቱን አይናገርም። እውነቱን ያልሰማ ጠበቃ ደግሞ ማንንም ማዳን አይችልም። እኛም አገር ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት አለው ይላል። “ሌባ ምን ጠበቃ ያስፈልገዋል” የምንል ሰዎች ግን ጥቂት አይደለንም። እኔም አንዱ ነበርኩ።

እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር፤ ተከራከርኩ፣ ተሸነፍኩ፣ ተማርኩ ብዬ እዘጋው ነበር። ሁለተኛው ታሪክ ግን አላስቀመጠኝም።

ጃንዋሪ 1982፣ ቺካጎ። አንድ የማክዶናልድ ምግብ ቤት ውስጥ የጥበቃ ሠራተኛ ተገደለ፤ አልተን ሎገን የሚባል ሰው ተከሰሰ። በሌላ ጉዳይ፣ ሁለት ፖሊሶችን በመግደል፣ አንድሩ ዊልሰን የሚባል ሰው ታስሮ ነበር። ጠበቆቹ ዴል ኮቨንትሪና ጄሚ ኩንዝ የምግብ ቤቱን ግድያ የፈጸመው ዊልሰን ነው የሚል ወሬ ደረሳቸው። እስር ቤት ሄደው ጠየቁት። አመነ።

ጠበቆቹ “ሎገን ንጹህ መሆኑን ምስጢሩ በሕግ ከተጠበቀ ምንጭ አውቀናል” የሚል ቃለ መሐላ ጽፈው፣ ፈርመው፣ ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ሎገን ሞት ቢፈረድበት ግን ዝም እንደማይሉ ወስነው ነበር። የተፈረደበት ዕድሜ ልክ ሆነ። ሳጥኑም እንደተቆለፈ ቀረ።

ለ26 ዓመት።

ዊልሰን በ2007 መጨረሻ እስር ቤት ሞተ። ከሞትኩ በኋላ ተናገሩ ብሎ ፈቅዶላቸው ስለነበር፣ ጠበቆቹ በ2008 መጀመሪያ ሳጥኑን ከፈቱ። ሎገን በዚያው ዓመት ተፈታ፣ ክሱም ተነሳ። በ28 ዓመቱ ገብቶ በ54 ዓመቱ ወጣ። 28 የእኔ ዕድሜ ነው።

አሁን ወደ ፊልሙ ልመለስ። ሃለር በመጨረሻ መውጫ ያገኛል። ሩሌን በድብደባው ክስ ነፃ ያስወጣውና፣ በዚያው አፍታ በአሮጌው ግድያ እንዲያዝ ያደርገዋል። ምስጢሩን በቀጥታ አላወጣም፤ ገዳዩም አላመለጠም። እኛም ሶፋው ላይ አጨበጨብን። ኮቨንትሪና ኩንዝ ግን ስክሪፕት የሚጽፍላቸው አልነበረም። ደንቡን አክብረው ያደረጉት ነገር ሁሉ ያ የተቆለፈ ሳጥን ነው።

ስለዚህ የእኔ አቋም ዛሬ እዚህ ነው፦ አርማኒና ቤልጅ ልክ ነበሩ፤ የሎገን ጉዳይ ግን ልክ አልነበረም። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ሟቾቹን ምስጢሩ ቢወጣም መመለስ አይቻልም ነበር። ሎገን ግን በሕይወት ነበረ፤ እያንዳንዷ የዝምታ ቀን ከሱ ዕድሜ ላይ ነበር የምትቀነሰው። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ሞዴል ደንብ ሞትን ወይም ከባድ የአካል ጉዳትን ለመከላከል ጠበቃ እንዲናገር ይፈቅዳል፤ እስራትን ግን በስም አይጠቅስም። ማሳቹሴትስ ግን ያለ ጥፋቱ የታሰረን ሰው ለማዳን መናገር ይቻላል ብላ በደንቧ ጽፋለች። የኋላ በር ነው፣ አውቃለሁ። ግን በጣም ጠባብ ነው፤ የሚያልፍበትም ንጹህ ሰው ብቻ ነው።

ለጓደኛዬ ደውዬ ይሄን ሁሉ ነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ፣ “ጠበቃ የሚለው ቃል ራሱ እኮ ከመጠበቅ ነው” አለችኝ። “ጥያቄው ማንን ነው የሚጠብቀው ነው።”

ፊልሙን እንደገና ልናየው ተቀጣጥረናል። አሁን ግን ሲቆም የምጠይቀው ሌላ ነው፦ እሺ፣ ሄሱስ ማርቲኔዝ እስኪወጣ ስንት ቀን ቀረው?